የእንዶዱ ሊቅ አክሊሉ ለማ እና የጋሪ ፈረስ ቁስል

በከተሞቻችን ጎዳናዎች ሰውና ሸክም ሲጎትቱ ከሚውሉት የጋሪ ፈረሶች መካከል እግራቸው፣ ደረታቸው ወይም አንገታቸው እንደ መቁጠሪያ በተደረደረ እባጭ የተወረረ ይታያሉ። እባጩ ይፈርጣል፣ መግል ይወጣዋል፤ ዳነ ሲባል ከጎኑ ሌላው ይነሣል። ይህ ሥር የሰደደ በሽታ የሚመጣው በፈንገስ ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ኢፒዙኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል። ተሕዋሲው ልጓምና መጫኛ በላጠው ቁስል በኩል ገብቶ ከቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ ቧንቧዎች ይዛመታል። ፈረሱን ለወራት ያሠቃየዋል፤ ባለጋሪውንም ከነቤተሰቡ የዕለት እንጀራውን ያሳጣዋል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት ፍለጋ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እጃቸውን ከዘረጉባቸው ዕፅዋት አንዱ እንዶድ ነው። እንዶድን ከወንዝ ዳር የልብስ ማጠቢያነት አውጥተው ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁት ደግሞ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1928 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ወጣቱ ሳይንቲስት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሳሰባቸው በወንዝና በመስኖ ዳር የሚኖረውን ገበሬና ልጆቹን የሚያጠቃው ቢልሃርዚያ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ጥናት ሲያካሂዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው አዩ። ብዙ ሰው አይቶት ያለፈውን ነገር እሳቸው ቆም ብለው ጠየቁት። የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ፈጭተው በቤተ ሙከራ ሲፈትኑት ቀንድ አውጣውን በእርግጥ የሚገድለው እሱ መሆኑን አረጋገጡ። ከፍሬው ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በአድዋ ወንዞች ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ በሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው የቢልሃርዚያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ የተሻለ ምርትና ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዝርያዎች መርጠው ሥራውን ወደ ገበሬው ማሳ አቀረቡት።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልነበረም። በድኃ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በውጭ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ አመኔታ አላገኘም። የእንዶድ ደኅንነት በዓለም አቀፍ መመዘኛ እንደገና ይፈተሽ ስለተባለ ብዙ ዓመታት በክርክር አለፉ። አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ እየሠሩ ስለ እንዶድ መሟገታቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት የእንዶድ ፍሬ ጭማቂ የፈረሱን ፈንገስ ዕድገት በቤተ ሙከራ እንደሚገታ አሳየ። ከፍሬው የተዘጋጀ ቅባት በታመሙ የጋሪ ፈረሶች ላይ ተሞክሮም ቁስላቸው የተሻለላቸው ተገኝተዋል። ቀንድ አውጣ ላይ የተጀመረው ጥያቄ በዚህ መንገድ እስከ ፈረሱ ቁስል ደረሰ።

ይህ ሲባል ግን እንዶድን ወቅጦ በዘፈቀደ ቁስል ላይ መለጠፍ አይገባም። በተመራማሪዎች የተሞከረው በልክ የተዘጋጀ ቅባት ነው። እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው፤ ዓይንን ያቃጥላል፤ ወንዝ ውስጥ ቢገባም ዓሣ ይፈጃል። ባለጋሪዎችና ገበሬዎች አሁኑኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ሌላ ነው፤ ልጓምና መጫኛው እንዳይልጥ ማመቻቸት፣ የታመመውን ፈረስ ዕቃ ለጤነኛው አለመዋስ፣ ቁስልን ከዝንብ መጠበቅ፣ የታመመውን ለይቶ ማሰርና እባጩ ገና ጥቂት ሳለ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ።

አክሊሉ ለማ ያስተማሩት ታላቅ ነገር የእናቶች የወንዝ ዳር ዕውቀት በቤተ ሙከራ ቢፈተን ለብዙዎች ፈውስ ሊሆን እንደሚችል ነው። የሚያስፈልገው በየዕለቱ የሚያልፉበትን ነገር ቆም ብሎ የሚያይ ዓይን ነው።