ጄምስ ብሩስና የዶንጎላ ድንጉላ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1730 እ.ኤ.አ. በኪኔርድ ተወለደ። በ1769 ምጽዋ ደርሶ፣ በድብ ባሕር በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ገባ። በዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ሞገስ ያስገኙለት የሕክምና ዕውቀቱና የፈረስ ግልቢያ ችሎታው ነበሩ።

በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ የኑቢያን ፈረሶች በቅርብ ተመለከተ። በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በዶንጎላ ከ163 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ፈረስ ጥቂት መሆኑን ገለጸ፤ በቁመቱ፣ በጥንካሬውና በአካሉ መመጣጠን የኑቢያው ድንጉላ ለእርባታ ተወዳዳሪ እንደሌለውም መሰከረ። ስለ ፍጥነቱ ግን ጥርጣሬውን አልሸሸገም።

ይህ ጥርጣሬ ለእሽቅድድም አርቢ ወሳኝ ነው። ቶሮብሬድ የተባለው የእንግሊዝ የእሽቅድድም ፈረስ በአባት ሐረጉ ከምሥራቅ በመጡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ተመሥርቷል፤ ዝርያውን ያጠራው ግን የሩጫ ሜዳ ፈተና ነው። ለቶሮብሬድ ባዝራ ድንጉላ የሚመርጥ አርቢ ከመልክና ከቁመት በተጨማሪ የድንጉላውን የሩጫ ውጤት፣ የዘር ሐረጉንና የውርንጭላዎቹን ብቃት ይመዝናል። የዶንጎላው ፈረስ በእንግሊዝ ሜዳ አልተፈተነም ነበርና፣ የብሩስ ውዳሴ ለግዝፈትና ለጥንካሬ እንጂ ለፍጥነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ብሩስ በ1794 በትውልድ ቦታው ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን የለንደን ሰዎች እንደ ፈጠራ ቢቆጥሩትም፣ በፈረስ ጉዳይ ያየውን ካልተፈተነው ለይቶ ማቅረቡ የምስክርነቱን ጥንቃቄ ያሳያል።