ላንድሮቨር ሳይክል በነበረ ጊዜ

ከዳሞታ ተራራ ወደ ሶዶ ቁልቁል ስወርድ የሳይክሌ ፍሬም ከመሪው ስር ቀጭ አለ። አልወደቅኩም፣ ጉልበቴ ግን ተንቀጠቀጠ። ብየዳ ቤት ወስጄ ሳየው ብረቱ የተሰነጠቀው መሀሉ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ጥግ ነው። ለምን እዚያ? ይህን ሳጠያይቅ ነው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ጋ የደረስኩት።

ስሙን ባትሰሙትም ሥራውን ታውቁታላችሁ። በገጠር መንገዳችን ጭቃ ውስጥ የኖረው ላንድሮቨር ስሙን የወረሰው ከዚህ ሰው ሳይክል ነው።

ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1854 እንግሊዝ ውስጥ ከአትክልተኛ አባት ተወለደ። በ1872 ኮቨንትሪ ከተማ ሄዶ አጎቱ ጋ ሥራ ጀመረ። አጎትየው የሚሠራው የፊት ጎማው ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽዬ የሆነውን ሳይክል ነበር። ፔዳሉ በቀጥታ የፊት ጎማው ላይ ስለሚገጠም ፍጥነት የፈለገ ሰው ትልቅ ጎማ ያስፈልገዋል። ድንጋይ ከመታ ግን በአናቱ ይተከላል። እስቲ በዚያ ከዳሞታ ስትወርዱ አስቡት!

በ1885 ስታርሊ ሮቨርን አወጣ፦ ጎማዎቹ ተቀራራቢ፣ ነጂው ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት፣ ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ። ሰው እንዲያምን በዚያው ዓመት ውድድር ተዘጋጀ። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ጋላቢ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በ7 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨረሰ። ከሶዶ አዲስ አበባ ግማሽ መንገድ ማለት ነው፣ ያውም በአየር የሚነፋ ጎማ ሳይመጣ።

ፍሬሙ ግን ገና ነበር። ከመቀመጫው ወደ ፔዳሉ የሚወርድ ቀጥ ያለ ቱቦ አልነበረውም። አራት ማዕዘን ሲጫኑት ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎኑ ካልታጠፈ ወይ ካልተሰበረ ቅርፁን አይለቅም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ ቱቦ ተጨምሮ ዛሬ የምንነዳው ፍሬም ወጣ። የቀረው ችግር የእኔው ነው፦ ጭነቱ የሚበረታው ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ነው፣ የብየዳ ሙቀትም ብረቱን እዚያው ያደክመዋል። በ1897 በርሚንግሃም ውስጥ አልፍሬድ ሬይኖልድስ ጫፉ ወፍራም፣ መሀሉ ስስ የሆነ ቱቦ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የውድድር ሳይክል ሳይከብድ የጠነከረው በዚህ ነው።

ስታርሊ በ1888 ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪም ሞክሯል (ባጃጅ ነጂዎች ስሙ!)። የአገሩ የፍጥነት ሕግ ጥብቅ ስለነበር ሙከራውን ፈረንሳይ ወሰደው። በ1901፣ ገና በ46 ዓመቱ፣ ሞተ። ድርጅቱ መኪና ውስጥ የገባው ከእሱ በኋላ ነው፤ ላንድሮቨር ደግሞ በ1948 መጣ። ፖላንዶች ዛሬም ሳይክልን ሮቨር ነው የሚሉት።

በያጁ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብረት ለጥፎ በየደልኝ። ስለ ስታርሊ ምንም አልነገርኩትም። ዳሞታ ግን ገና አልወጣሁበትም።