የቅርጫት ኳስ አባት የዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ አጭር የሕይወት ታሪክ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ብዙ ሰዎች ድል ባደረጉት ጦርነት ወይም ባከማቹት ሀብት ስማቸው ሲጠራ ይኖራል። ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የማቀርብላችሁ ሰው ግን ካሸነፉት ጨዋታ የተሸነፉት የሚበዛ አሠልጣኝ ነበሩ። እኒህም ሰው የቅርጫት ኳስን ጨዋታ የፈጠሩት ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ናቸው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ኔይስሚዝ በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አልሞንት በምትባል ከተማ አጠገብ ኅዳር 6 ቀን 1861 ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከስኮትላንድ የፈለሱ ሰዎች ነበሩ። በ1870፣ ጄምስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገደማ ሳሉ፣ አባታቸውና እናታቸው በታይፎይድ በሽታ ተከታትለው ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው አጎታቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ከጫካ ግንድ እየቆረጡ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬ አልፏል ሳይሉ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው ጨረሱና በሞንትሪያል ከተማ ወደሚገኘው ወደ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1887 ከዚያ ተመርቀው፣ ሰባኪ ለመሆን የሃይማኖት ትምህርት ቀጠሉ። በዚያን ጊዜ ስፖርትን የሰይጣን መሣሪያ አድርገው የሚቈጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ወጣቶችን በጨዋታ ሜዳም መልካም ጠባይ ማስተማር ይቻላል ብለው አመኑ።

በዚህም እምነት በ1890 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ወደሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (በእኛ አገር ወ.ወ.ክ.ማ. በሚል ስም የታወቀው) የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሄዱ። በ1891 ክረምት በረዶው ተማሪዎቹን ከሜዳ አስወጥቷቸው፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት ጂምናስቲክ ሰልችቷቸው አስቸጋሪ ሆነው ነበር። አለቃቸው ዶክተር ሉተር ጉሊክ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አዲስ የቤት ውስጥ ጨዋታ እንዲያስቡ ኔይስሚዝን አዘዟቸው።

ኔይስሚዝ በመጀመሪያ የእግር ኳስንና ሌሎችንም የሜዳ ጨዋታዎች ወደ አዳራሹ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ቀጥሎ እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ሰው ኳስ ይዞ ካልሮጠ ጠልፎ የሚጥለው አይኖርም፤ ግቡም ከራስ በላይ ከሆነ ጉልበት ሳይሆን ብልሃት ያስፈልጋል። ለዚህም የረዳቸው የልጅነት ትዝታ ነው። በአልሞንት ልጆች በትልቅ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ትንሽ ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ሲመቱ፣ በኀይል ከወረወረው ይልቅ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ የላከው ይቀናው ነበር። ስለዚህ የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን እንዲያመጣላቸው ጠየቁት፤ እርሱም ሣጥን ቢያጣ ሁለት የኮክ ቅርጫት አመጣ። ቅርጫቶቹም ከሰገነቱ አጥር ላይ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተቸነከሩ። አሥራ ሦስት ሕጎች ተጽፈው በታኅሣሥ ወር 1891 አሥራ ስምንት ተማሪዎች ዘጠኝ ለዘጠኝ ተጋጠሙ። በዚያ ጨዋታ የገባው ግብ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኔይስሚዝ ወደ ዴንቨር ሄደው በ1898 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ፤ በዚያው ዓመትም በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጸሎት ቤት ኃላፊና የሰውነት ማጐልመሻ መምህር ሆኑ። እስከ 1907 ድረስ ባሠለጠኑት ቡድን 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸነፉ። ከካንሳስ አሠልጣኞች ሁሉ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት ጨዋታውን የፈጠሩት ሰው ብቻ መሆናቸው ያስገርማል! ነገር ግን እርሳቸው ጨዋታውን የሚመለከቱት ሰውነትንና ጠባይን ማነጫ አድርገው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ራሳቸው ዳኛ ሆነው ያጫውቱ ነበር። ተማሪያቸው ፎረስት አለን አሠልጣኝ ልሆን ነው ባላቸው ጊዜ፣ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት እንጂ የሚያሠለጥኑት ነገር አይደለም ብለው መለሱለት። አለን ግን እርሳቸውን ተክቶ በካንሳስ 590 ጨዋታዎች አሸነፈ።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው የጆን ማክሌንደን ነገር ነው። ይህ ጥቁር ወጣት በ1933 ወደ ካንሳስ ሲመጣ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ሽማግሌው ዶክተር ግን ተቀብለው አማካሪው ሆኑ፤ ስለ ጨዋታው የሚያውቁትንም አልነፈጉትም። ማክሌንደን በ1936 ተመርቆ አሠልጣኝ ሆነ። ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ በተከለከለበት በሰሜን ካሮላይና፣ በ1944 አንድ እሑድ ጧት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ በሩን አስዘግቶ፣ ጥቁር ተማሪዎቹን ከነጭ የሕክምና ተማሪዎች ጋር በምስጢር አጋጠመ። የእርሱም ልጆች 88 ለ 44 አሸነፉ። በኋላም የቴነሲ ኮሌጅ ቡድኑ በ1957፣ በ1958 እና በ1959 ተከታትሎ ኮሌጆች በሚወዳደሩበት ብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫ ወሰደ።

ዶክተር ኔይስሚዝ ይህን ለማየት አልታደሉም። ሆኖም በ1936 የአሜሪካ አሠልጣኞች ገንዘብ አዋጥተው ወደ በርሊን ኦሊምፒክ ላኳቸው። በዚያም ከአፍሪካ ግብፅ ጭምር፣ ከሃያ በላይ አገሮች የእርሳቸውን ጨዋታ ሲጫወቱ በዓይናቸው አዩ። በፍጻሜው፣ ዝናብ ባጨቀየው ሜዳ፣ ዜግነት የሰጠቻቸው አሜሪካ የተወለዱባትን ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። ከጨዋታው ሀብት ሳያተርፉ ኅዳር 28 ቀን 1939 በ78 ዓመታቸው በካንሳስ፣ ሎረንስ ከተማ ዐረፉ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቡድናችን ሲረታ ራሳችንን ደፍተን፣ ዳኛውን እየወቀስን፣ ኳስ ያሳለፈውንም ጓደኛችንን እየተቈጣን ወደ ክፍል የምንመለስበት ቀን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ስድሳ ጊዜ የተረቱትን መምህርና ሌሎች በር የዘጉበትን ተማሪ ያስተማሩበትን ልብ ብናስታውስ ይጠቅመናል። መምህራኖቻችንም በውጤት መዝገብ የማይጻፍ ብዙ ድል እንዳላቸው ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።