ሙቀት ከብርድ ውስጥ እንደሚቀዳ ያስተማረ ሊቅ፤ የሎርድ ኬልቪን የሕይወት ታሪክ

ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ኬልቪን የሚለውን ስም ያውቀዋል። ነገር ግን ስሙ የሙቀት መለኪያ ስም ሆኖ ስለ ቀረ፥ ከመለኪያው በስተጀርባ አንድ ሰው መኖሩን ብዙዎች ይዘነጋሉ። ይህ ሰው ቀዝቃዛ የሚባለው አየር እንኳ ሙቀት እንዳለው፥ ያንንም ሙቀት ቀድቶ ወደ ቤት ማስገባት እንደሚቻል በሒሳብ ያስረዳ ሊቅ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በብርድ ወራት የሚያሞቀው፥ በሐሩር ወራት የሚያቀዘቅዘው መኪና የዚህ ሰው ሐሳብ ፍሬ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ መኪናውን ለመምረጥም ሆነ ሲበላሽ ጉድለቱን ለማግኘት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኬልቪን የማዕረግ ስሙ ነው። የተጸውዖ ስሙ ዊልያም ቶምሰን ሲሆን፥ ሰኔ 26 ቀን 1824 ዓመተ ምሕረት በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ስለ ሞተች ያሳደገው አባቱ ነው። አባቱ ጄምስ ቶምሰን የሒሳብ መምህር ነበርና ልጆቹን በቤት ውስጥ ራሱ እያስተማረ አሳደጋቸው፤ በኋላም በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ስለ ተሾመ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደዚያ ተሻገረ። ዊልያም ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1841 ወደ ካምብሪጅ ሄዶ በ1845 በሒሳብ ፈተና ሁለተኛ ወጣ።

ከካምብሪጅ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ የእንፋሎትን ጠባይ በጥንቃቄ ይለካ በነበረው በሊቁ በሬኞ ቤተ ሙከራ ሠራ። መለካት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የተማረው በዚያ ነው። በዚያው ጊዜ ሳዲ ካርኖ የተባለው ፈረንሳዊ ስለ ሙቀት ኃይል በ1824 ያሳተመውን መጽሐፍ በፓሪስ መጻሕፍት ቤቶች ሁሉ ቢፈልግ አጣው፤ ሊያገኘው የቻለው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በ1846 ገና 22 ዓመት ሲሆነው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በዚህም ወንበር ላይ 53 ዓመት ተቀመጠ።

በ1847 በኦክስፎርድ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ጄምስ ጁል የተባለ ሰው ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ሲያስረዳ ቶምሰን አዳመጠ። የጁል ነገር ከካርኖ ትምህርት ጋር የሚጋጭ ስለ መሰለው በአንድ ጊዜ አልተቀበለውም፤ ሆኖም አልናቀውም። በ1848 ለሙቀት አዲስ መለኪያ አወጣ። የዚህም መለኪያ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ሳይሆን፥ ከዚያ 273 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ከእርሱ በታች ቅዝቃዜ የሌለበት ነጥብ ነው። እንግዲህ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ሌሊት የሚነፍሰው አየር በዚህ መለኪያ 273 ዲግሪ ሙቀት አለው ማለት ነው። ለሰው ገላ ብርድ የሆነው ለመኪና የሙቀት ጎተራ ነው።

በ1852 ቶምሰን ይህን ሐሳብ ወደ ቤት አመጣው። ሙቀት በራሱ ፈቃድ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አይሄድም፤ ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁሉ ማለት ነው። ነገር ግን ውሃን በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት እንደሚቻል፥ ሙቀትንም ጥቂት ሥራ በማውጣት ከውጪው ብርድ ወደ ቤት መግፋት ይቻላል። ከሰል አንድዶ ሙቀቱን በቀጥታ ከመጠቀም ይልቅ፥ በከሰሉ ኃይል መኪና አንቀሳቅሶ ከውጪ ሙቀት መቅዳት ብዙ እጥፍ እንደሚያተርፍ አስረዳ። ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። ቤቱ 20 ዲግሪ፥ ውጪው ዜሮ ቢሆን፥ በኬልቪን መለኪያ 293 እና 273 ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው 20 ነው። 293ን ለ20 ብናካፍል 14 ተኩል ያህል ይወጣል። ይህም ጉድለት የሌለበት መኪና በአንድ እጅ ሥራ 14 ተኩል እጅ ሙቀት ይሰጣል ማለት ነው። እውነተኛው መኪና ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ፥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሰጣል። ልዩነቱ በሰፋ መጠን፥ ማለት ውጪው በበረደ መጠን፥ ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል።

በዚያ ዘመን ከሰል ርካሽ ስለ ነበረ የቶምሰን ሐሳብ በቤቶች ላይ ሳይሠራበት ቆየ። ፔተር ፎን ሪቲንገር የተባለው ኦስትሪያዊ መሐንዲስ በ1850ዎቹ ዓመታት በኤበንሴ የጨው ፋብሪካ በዚህ መንገድ ሠራበት፤ በ1938ም የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንጻ ከሊማት ወንዝ በሚቀዳ ሙቀት እንዲሞቅ ተደረገ። በኋላም በጃፓን የተስፋፋው፥ ሚኒ ስፕሊት የሚባለው ዓይነት መኪና ነገሩን ወደ ተራው ሰው ቤት አደረሰው። ይህ መኪና ለሁለት የተከፈለ ነው። ኮምፕሬሰር ያለበት ክፍል ከቤቱ ውጪ ይቆማል፤ ሌላው ክፍል በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሁለቱን የሚያገናኙት ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በውጪው ብርድ እንኳ የሚፈላ ስለ ሆነ ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ይግልና ሙቀቱን በቤት ውስጥ ይተፋል። የጋዙ መንገድ ሲገለበጥ ያው መኪና ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሰፋፊ የአየር ቦይ በጣራ ውስጥ መዘርጋት ስለማያሻው በቆየ ቤት ላይ እንኳ በቀላሉ ይተከላል።

ከቶምሰን ሕይወት ውስጥ ሁለት ታሪኮች ለዚህ መኪና ባለቤት ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። አንደኛው የባሕር ቴሌግራፍ ታሪክ ነው። በ1858 ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ገመድ ተዘረጋ። ቶምሰን ከኩባንያው ዲሬክተሮች አንዱ ሲሆን፥ የኤሌክትሪኩ ሹም ግን ዋይትሃውስ የተባለ ሰው ነበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው 98 ቃል ለመተላለፍ 16 ሰዓት ወሰደ። ቶምሰን በመስተዋት የሚሠራ፥ እጅግ ደካማ የሆነውን ኤሌክትሪክ እንኳ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበርና፥ ኃይሉ ዝቅ ብሎ ምልክቱ በጥንቃቄ እንዲነበብ መከረ። ዋይትሃውስ ግን ምልክቱ ቢደክም ኃይል መጨመር ይበጃል ብሎ እስከ 2,000 ቮልት ያህል ለቀቀበት። ገመዱ አስቀድሞም በአሠራሩ የተጎዳ ስለ ነበረ ይህን አልቻለም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድምፁ ጠፋ። ያን ያህል ገንዘብና ድካም በባሕር ወለል ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ ምርመራ ተደረገ፤ መዳቡም መሣሪያውም በቶምሰን ምክር ተሻሻለ። በ1866 ገመዱ በመልካም ሁኔታ ስለ ተዘረጋ ቶምሰን የሰር ማዕረግ ተሰጠው።

የሙቀት መኪና ሲደክምም ብዙ ሰው የዋይትሃውስን መንገድ ይከተላል። ሙቀቱ አነሰ ብሎ ጋዝ ያስጨምራል። ነገር ግን ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ አይደለም፤ ጎደለ ማለት የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ ጋዝ መጨመር ገንዘብን ከማባከን አልፎ ኮምፕሬሰሩን ሊያበላሽ ይችላል። ትክክለኛው ሥራ ብቁ ባለሙያ ቀዳዳውን ፈልጎ ከደፈነ በኋላ፥ ከቧንቧው አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ አውጥቶ፥ ፋብሪካው ያዘዘውን ያህል ጋዝ በሚዛን መዝኖ ሲያስገባ ነው።

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ግን ባለቤቱ ራሱ የሚመረምረው አለ። መጀመሪያ ሪሞቱ በማሞቂያ ላይ መሆኑን፥ ባትሪው አለማለቁንና ብሬከሩ አለመውደቁን ይይ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ያውጣ፤ በአቧራ ከተደፈነ አጥቦና አድርቆ ይመልሰው፤ የድካሙ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በውጪው ክፍል ዙሪያ ቅጠል ወይም በረዶ ተከምሮ እንደ ሆነ ይጥረግ። በብርድ ቀን መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አቁሞ ከውጪው ክፍል እንፋሎት ቢወጣ ብልሽት አይደለም፤ በላዩ የጋገረውን በረዶ እያቀለጠ ነው። በማቀዝቀዝ ጊዜ ከግድግዳው ውሃ ቢንጠባጠብ የፍሳሹ ቧንቧ መደፈኑን ይጠርጥር። መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል ከማጥፋቱ በፊት ምልክቱን በወረቀት ይጻፍ፤ መኪናው ሕመሙን የሚናገርበት ቋንቋ ነውና። በመጨረሻም ወደ መኪናው የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለካ። ደከመ ብሎ ከመናገርና ልዩነቱ ይህን ያህል ዲግሪ ነው ብሎ ከመናገር፥ ባለሙያውን የሚረዳው ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ቶምሰን ራሱ የተሳሳተበት ነው። በ1862 የምድርን ዕድሜ ለማወቅ ከሙቀቷ ተነሥቶ አሰላ፤ ከ20 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል አለ፤ በ1897 ደግሞ ወደ 20 እና 40 ሚሊዮን አወረደው። ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ነው፤ በምድር ሆድ ውስጥ ሙቀት እንደ ጠጣር ብረት ቀስ ብሎ ብቻ ይሄዳል ብሎ ነበርና። የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ በ1895 ይህን መነሻ ቢያጠያይቅም ሽማግሌው ሊቅ ከአሳቡ አልተመለሰም። ዛሬ የምድር ዕድሜ 4 ተኩል ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል።

መኪና ሲመረጥም መነሻው ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል። ብዙ ሰው የክፍሉን ስፋት ብቻ ይለካና ትልቁን መኪና ይገዛል። ሊታሰብ የሚገባው ግን ቤቱ በብርድ ሌሊት ስንት ሙቀት ያጣል የሚለው ነው፤ ይህም በጣራው፥ በግድግዳው፥ በመስኮቱና ነፋስ በሚያስገባው ስንጥቅ ሁሉ ይለያያል። ሻጮች 12,000 ቢቲዩ የሚሉት መኪና ኃይሉ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ነው። ነገር ግን በመግለጫው ላይ የሚጻፈው የማሞቂያ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ውጪው 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ስለ ሆነ፥ ገዢው በአገሩ እጅግ በበረደው ሌሊት ምን ያህል እንደሚሰጥ ይጠይቅ። ደግሞም ዝቅተኛው ኃይሉ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ መኪና ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ኤሌክትሪክ ያባክናል፥ ቶሎም ያረጃል፥ በሐሩር ጊዜም የክፍሉን እርጥበት በሚገባ አያወጣም። ከተዘጋ በር በስተጀርባ ያለ ክፍል በአንድ የግድግዳ መኪና እንደማይሞቅም ይታሰብ። ስንጥቁን ደፍኖ ትንሽ መኪና መግዛት፥ ስንጥቁን ትቶ ትልቅ ከመግዛት ይሻላል።

ቶምሰን በ1892 የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጠው፥ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሚፈሰው ወንዝ ወስዶ ኬልቪን ተባለ። በ1896 የፕሮፌሰርነቱ 50ኛ ዓመት ሲከበር ከብዙ አገር ለመጡት እንግዶች የገለጸላቸው፥ ሳይንስን ለማስፋፋት 55 ዓመት የደከመበትን ሥራ በአንድ ቃል አለመሳካት ብሎ እንደሚጠራው ነበር፤ የኤሌክትሪክንና የቁስ አካልን ምሥጢር እንደ ጀመረበት ቀን ሳያውቀው መቅረቱ ነው ያስጨነቀው። በ1899 ከወንበሩ ሲለቅ ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ስሙን የምርምር ተማሪ ብሎ አስጻፈ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1907 በስኮትላንድ በላርግስ አጠገብ ባለው ቤቱ አረፈ፤ በለንደን በዌስትሚንስተር አቢ ከኒውተን አጠገብ ተቀበረ።

እንግዲህ ገና ትምህርት ላይ ያለው ወጣትም ሆነ አዲስ ሹመት የተቀበለው ባለሥልጣን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚወስደው አለ። ሥራው ሲበላሽበት ኃይል ከመጨመሩ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ ይለካ፤ ሒሳቡ ሲያምርለት ደግሞ መነሻውን መልሶ ይጠይቅ። ኬልቪን የመጀመሪያውን አስተማረ፤ ሁለተኛውን በገዛ ስሕተቱ አሳየ።