ማርቲን ሉተርና የዳዊት መዝሙር

መዝሙረ ዳዊት እንደ ታላቅ ወንዝ ነው። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን በየአገሩ የተጠማ ሁሉ ይጠጣዋል። በጀርመን አገር ከዚህ ወንዝ ቀድተው ለባለጠጋውም ለድኃውም ካጠጡት ሰዎች አንዱ ማርቲን ሉተር ነበረ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሉተር በ1483 ዓመት በኅዳር ወር አይስሌበን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ ከመሬት የተቈፈረውን የመዳብ ድንጋይ እያቀለጠ የሚኖር ብርቱ ሠራተኛ ነበረ። ልጁ የሕግ ዐዋቂ እንዲሆንለት ይመኝ ስለ ነበረ ወደ ትምህርት ቤት ሰደደው። ሉተር በአይዜናኽ ከተማ ሲማር ሳለ ከጓደኞቹ ጋራ በየደጁ እየቆመ ይዘምርና ቍራሽ ዳቦ ይቀበል ነበር። የአገራችን የቆሎ ተማሪ በየመንደሩ ዞሮ ምግቡን እንደሚለምን እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነት መዝሙር ገና በልጅነቱ የዕለት እንጀራው ሆነለት።

ከዚያም በኤርፉርት ከተማ በታላቁ ትምህርት ቤት ገብቶ ብዙ ዕውቀት አገኘ። በ1505 ዓመት በሐምሌ ወር ግን በመንገድ ሲሄድ ብርቱ ነጐድጓድና መብረቅ ያዘው። ሞት የቀረበው መስሎት እጅግ ስለ ፈራ ከዚህ ብድን እመነኵሳለሁ ብሎ ተሳለ። አባቱ ቢቈጣም ስእለቱን ፈጸመና ገዳም ገባ። በገዳሙ መነኰሳቱ ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ ተነሥተው መዝሙረ ዳዊትን በላቲን ቋንቋ ያዜሙ ነበር። ሉተርም ከእነርሱ ጋራ ሲያዜም ዳዊትን በቃሉ ያዘው።

በ1512 ዓመት በዊተንበርግ ከተማ የመጻሕፍት መምህር ሆነ። በሚከተለውም ዓመት በ1513 ማስተማር የጀመረው ዳዊትን ነው። ለተማሪዎቹም የመዝሙሩን ቃል በሰፊው ወረቀት መካከል አሳተመላቸው፤ በዳርና በዳር፥ በመስመሩም መካከል ባዶ ስፍራ ተተወ፤ እነርሱም ትርጓሜውን እየሰሙ በዚያ ባዶ ስፍራ ይጽፉ ነበር። በዚሁ በ1513 ዓመት በሮም ከተማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ሌላ የጀርመን ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት ፊደላችንን ተምሮ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ መኪና ከታተሙት የግዕዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት በሁለት አገር አንዱ ዳዊት ታተመ።

በ1517 ዓመት ሉተር የኃጢአት ቅጣት ማስተሰርያ ደብዳቤ በገንዘብ መሸጡን ተቃውሞ 95 የክርክር ነጥቦችን ጻፈ። ከዚህ የተነሣ ታላቅ ክርክር ሆነ። በ1521 ዓመት በዎርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ በካርል አምስተኛ ፊት አቁመው የጻፈውን እንዲክድ ጠየቁት፤ እርሱ ግን አልክድም አለ። በዚህ ጊዜ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ስለ ነበረ የአገሩ መስፍን በዋርትቡርግ አምባ ሸሸገው። ይህ አምባ የሚገኘው በልጅነቱ እየዘመረ ዳቦ ከለመነባት ከአይዜናኽ ከተማ በላይ ነው። ሉተርም በዚያ ተቀምጦ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመን ቋንቋ መለሰ።

ወደ ዊተንበርግ ከተመለሰ በኋላ አንድ ነገር ያሳስበው ጀመር። በቤተ ክርስቲያን ዜማውን የሚያዜሙት ካህናትና መዘምራን ነበሩ፤ ቋንቋውም ላቲን ስለ ነበረ ገበሬውና አንጥረኛው፥ ሴቶችና ሕፃናት ቆመው ከመስማት በቀር ቃሉን አያስተውሉትም ነበር። ስለዚህ ሉተር ዳዊትን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በግጥም አድርጎ ለመመለስ ተነሣ። ወዳጆቹንም ቃሉ ቀላል ይሁን፥ ምሥጢሩ ግን ከመዝሙሩ አይራቅ ብሎ መከራቸው። በ1524 ዓመት 8 መዝሙሮች ያሉባት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ከ8ቱ 4ቱን የገጠመ ሉተር ነው፤ ከእነዚያም ከ4ቱ 3ቱ ከመዝሙረ ዳዊት የወጡ ናቸው። ክራር የሚመስለውን ሉት የሚባለውን የዜማ ዕቃ ራሱ ይመታ ስለ ነበረ ለአንዳንዶቹ መዝሙሮቹ ዜማውን ያበጀ እርሱ ነው።

በ1527 ዓመት በክረምት ወደ ዊተንበርግ ቸነፈር ገባ። ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ የታላቁ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎችም ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። መስፍኑ ሉተርም እንዲወጣ አዘዘው። እርሱ ግን ሕዝብን የሚጠብቅ ሰው በመከራ ቀን መንጋውን ጥሎ መሸሽ አይገባውም ብሎ ቀረ። ሚስቱ ካታሪና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ትንሹ ልጁ ሐንስም ታመመ። እንዲህም ሆኖ ቤታቸው የበሽተኞች መጠለያ ሆነ። ሉተር ራሱ በዚያ ዓመት በብርቱ ሕመም ወድቆ ለሞት ቀርቦ ነበር። ሐንስ ዳነ፤ በታኅሣሥ ወርም ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት ልጅ ተወለደች። ነገር ግን ኤልሳቤጥ ዓመት ሳይሞላት ሞተች፤ አባቷም እጅግ አዘነ።

ሉተር 46ኛውን መዝሙር ወደ ጀርመን መዝሙር የመለሰው በእነዚህ የመከራ ዓመታት አጠገብ ነው። ይህ መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 45ኛው ነው፤ የቆሬ ልጆች መዝሙርም ይባላል። ምድር ብትናወጥ፥ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ቢወድቁ እግዚአብሔር መጠጊያ ስለ ሆነ ሕዝቡ እንዳይፈራ ያስተምራል። ሉተርም ይህን ምሥጢር ይዞ እግዚአብሔርን ጠላት በማይደፍረው አምባ መስሎ ገጠመ። እርሱ ራሱ በዋርትቡርግ አምባ ተሸሽጎ የኖረ ሰው ነበረ። ነገር ግን የድንጋይ ግንብ ሰይፍን ቢከለክል ቸነፈርን እንዳይከለክል፥ ልጁንም ከሞት እንዳያስጥል ዐየ። ስለዚህ የዘመረለት አምባ ከድንጋይ የተሠራው አይደለም። ይህ መዝሙር በ1533 ዓመት በዊተንበርግ በታተመው የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

በ1534 ዓመት ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጣ። ሉተርም በደስታ ተቀብሎ ስለ ሃይማኖትና ስለ ቅዳሴ ሥርዓት ከእርሱ ጋራ ተነጋገረ። በዚያው ዓመት መላው መጽሐፍ ቅዱስ በሉተር ትርጕም በጀርመን ቋንቋ ታትሞ ወጣ።

የታላቅ ሰው ታሪክ ሲነገር ጥፋቱም መነገር አለበት። ሉተር በ1543 ዓመት በአይሁድ ላይ እጅግ ክፉ መጽሐፍ ጻፈ። ምኵራባቸው እንዲቃጠል፥ ቤታቸውም እንዲፈርስ መከረ። ዕድሜውን ሁሉ የዘመረውን ዳዊትን ለዓለም የሰጡት አባቶቻቸው መሆናቸውን በዚህ ጊዜ ረሳ። ከ400 ዓመት በኋላ በጀርመን አይሁድን ያሳደዱና የገደሉ ገዢዎች ይህን መጽሐፍ ለክፋታቸው ምስክር አደረጉት። ክፉ ቃል ጸሓፊው ከሞተም በኋላ ይገድላል።

ሉተር በ1546 ዓመት በየካቲት ወር በ62 ዓመቱ በተወለደባት በአይስሌበን ከተማ ሞተ። ሬሳው ወደ ዊተንበርግ ሲወሰድ በሃለ ከተማ ሕዝቡ ከ130ኛው መዝሙር ያወጣውን የንስሓ መዝሙር እያለቀሰ ዘመረለት።

የአምባው መዝሙር ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። በአይዜናኽ ከተማ ሉተር በተማረበት ትምህርት ቤት የተማረ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የሚባል ታላቅ የዜማ ሊቅ ተነሣ፤ እርሱም በላይፕሲግ ከተማ ሳለ ከዚህ መዝሙር ለመዘምራንና ለብዙ የዜማ ዕቃዎች የሚሆን ሰፊ ድርሰት ሠራ። በ1830 ዓመት ደግሞ ከአይሁድ ወገን የተወለደው ፌሊክስ ሜንደልሶን ይህንኑ ዜማ በትልቅ ድርሰቱ መጨረሻ አገባው። ሉተር የሰደበው ወገን ልጅ የሉተርን ዜማ አከበረ። ዛሬም መዝሙሩ በብዙ ቋንቋ ተመልሶ በብዙ አገር ይዘመራል።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ነገሥታትና ጭፍሮች ይህን መዝሙር ወደ ጦርነት ሲሄዱ ዘምረውታል። በ1914 ዓመት የተጀመረው ታላቅ ጦርነት በሆነ ጊዜም በጀርመን አገር እንደ ፉከራ ይዘመር ነበር። መዝሙሩ የወጣበት የዳዊት ቃል ግን እግዚአብሔር ጦርነትን እንደሚሽር፥ ቀስትንም እንደሚሰብር ይናገራል። እነርሱ ዜማውን ያዙ፤ ቃሉን ግን ጣሉ።

ልጆች ሆይ፥ በአገራችን ዳዊት ደገመ የተባለ ልጅ ንባብ ዐወቀ ይባላል። ወላጆቹም ደስ ብሏቸው ይደግሳሉ። ነገር ግን ዳዊትን በአፍ መድገም አንድ ነገር ነው፤ በሥራ መድገም ሌላ ነገር ነው። ሉተር በቸነፈር ጊዜ በሽተኞችን ሳይሸሽ በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ዳዊትን በሥራ ደገመ። በአይሁድ ላይ በጻፈ ጊዜ ግን ዳዊቱን ዘነጋ። እናንተም ፊደሉን ስትቈጥሩ፥ ዜማውንም ስታጠኑ ቃሉ የሚላችሁን አስተውሉ። በፍርሃት ቀን ተጠጉበት፤ በጥጋብ ቀን ግን ሌላውን ሰው ለማስፈራሪያ አታድርጉት።