ባለቤትና ማሰሪያን ያስተማረው ሊንድሊ መሬይ

በታችኛው ክፍል ሳለን መምህሩ በሰሌዳ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ባለቤቱ የቱ ነው፤ ማሰሪያውስ የቱ ነው እያለ ሲያስጨንቀን፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ከቤቱ መውጣት የተሳነው በሽተኛ እንደ ነበረ አናውቅም ነበር።

ሊንድሊ መሬይ እ.ኤ.አ. በ1745 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ተወለደ። በልጅነቱ አባቱ ቢቀጣው ተቈጥቶ ኰበለለ፤ የኰበለለው ግን በርሊንግተን ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረ። (እኛ የምናውቃቸው ኰብላዮች መንገዳቸው በተቃራኒው ነው።) ኋላም ሕግ ተምሮ በኒውዮርክ ጠበቃና ነጋዴ ሆነ፤ ሀብትም አገኘ። ነገር ግን ጤና ስላጣ በ1784 ወደ እንግሊዝ ተሻገረና በዮርክ ከተማ አጠገብ በሆልጌት ተቀመጠ።

በዮርክ ኩዌከሮች ያቋቋሙት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። መሬይም ኩዌከር ስለ ነበረ ወጣቶቹን መምህራን በሰዋስው ይረዳቸው ነበር። እነርሱም ለልጆቹ የሚሆን መጽሐፍ እንዲጽፍላቸው በደብዳቤ ለመኑት፤ መጽሐፉ በ1795 ታተመ። ደንቦቹን በብዛት ከቀደሙት ሊቃውንት እንደ ሰበሰበ ራሱ አልሸሸገም።

የዐረፍተ ነገርን ዋና ክፍሎች ሦስት አደረጋቸው፤ እነርሱም የሚነገርለት፣ ስለ እርሱ የሚነገረውና ድርጊቱ የሚያርፍበት ናቸው። «ልጁ በሩን ከፈተ» ብንል ልጁ ባለቤት፣ ከፈተ ማሰሪያ፣ በሩን ተሳቢ ነው። በእንግሊዝኛ ባለቤቱን የሚያስታውቀው ቦታው ስለ ሆነ፤ ሁለቱ ስሞች ቦታ ቢለዋወጡ በሩ ልጁን ከፈተው ማለት ይሆናል። በአማርኛ ግን «በሩን ልጁ ከፈተ» ብንልም «ን» ተሳቢውን ስለምታሳይ ነገሩ አይፋለስም፤ «ከፈተ» ብቻውን እንኳ ባለቤቱን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ደንብ እንዳለ በአማርኛ ተማሪ ላይ መጫን፤ የሌለውን ቃል ፈልገህ አምጣ ማለት ይመስለናል።

መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ገንዘቡንም ለበጎ አድራጎት ሰጠው። ብዙ ልጆች ግን ትርጓሜው ሳይገባቸው ደንቡን እንደ ዳዊት በቃላቸው ደገሙት። በዚህ መሬይን ብቻ መንቀፍ አይገባም፤ በ1797 ልጆች እያረሙ እንዲማሩባቸው የተሳሳቱ ዐረፍተ ነገሮችን የያዘ መልመጃ አሳትሞ ነበርና። በቃል ማስጠናት ለመምህሩ ይቀላል።

መሬይ በመጨረሻዎቹ 16 ዓመታት ከቤት ሳይወጣ ኖሮ በ1826 ሞተ። በአትክልቱ መካከል ይቀመጥባት የነበረችው ትንሽ ቤትም ከብዙ ዘመን በኋላ ተነሥታ፤ በዚያው በዮርክ በሚገኝ የኩዌከሮች ትምህርት ቤት ግቢ ተተከለች።