የተረሱ መሣሪያዎችን ያናገረው አርኖልድ ዶልሜች

በብዙ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙዚቃ የሚጀምሩባት ሬኮርደር የምትባል ትንሽ ዋሽንት አለች (ከቴፕ ሬኮርደር ጋር እንዳትምታታ)። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግን ይህችን መሣሪያ የሚሠራትም ሆነ የሚነፋት ሰው ከሞላ ጎደል አልነበረም። ከሙዚየም ሣጥን አውጥተው ነፍስ ከዘሩባት ሰዎች ዋነኛው አርኖልድ ዶልሜች ነው። በዛሬው እትማችን የእሱን ታሪክ እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶልሜች በ1858 ፈረንሳይ ውስጥ ለ ማን በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ስለ ነበረ ገና በልጅነቱ መጋዝና መሮ መያዝ ለመደ። ኋላም ብራስልስ ሄዶ ቫዮሊን አጠና፤ በ1883 ለንደን ገብቶ በዚያው ዓመት በተከፈተው የንጉሣዊ ሙዚቃ ኮሌጅ ትምህርቱን ቀጠለ። ከ1885 ጀምሮ ደልዊች ኮሌጅ በሚባል ትምህርት ቤት የቫዮሊን አስተማሪ ሆነ።

ነገሩ የተለወጠው በ1889 ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ሲያገላብጥ ለቫዮል የተጻፈ የእንግሊዝ ሙዚቃ አገኘ። ቫዮል እንደ ቫዮሊን በደጋን የሚመታ፣ ስድስት አውታር ያለው፣ በጉልበት መካከል ተይዞ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ያ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። በጊዜው የነበሩት አዋቂዎች አስተሳሰብ ምን ነበር? ቫዮሊን ቫዮልን፣ ፒያኖ ሃርፕሲኮርድን ተክቶታል፤ የድሮው ለአዲሱ መንደርደሪያ ብቻ ነበር የሚል ነው። ዶልሜች ይህን አልቀበልም አለ። የድሮ ሙዚቃ ደካማ መስሎ የሚሰማን ባልተጻፈለት መሣሪያ ስለምንጫወተው ነው ባይ ነበር።

ታዲያ መሣሪያው የለ፣ ተጫዋቹ የለ፣ አስተማሪውም የለ። ምን ያድርግ? ያረጁትን እየገዛ መጠገን ያዘ። ከዚያም ራሱ መሥራት ጀመረ፤ በ1893 ሉት፣ በ1894 ክላቪኮርድ ሠራ። በ1896 ደግሞ ገጣሚውና የእጅ ጥበብ ሰው ዊሊያም ሞሪስ ባቀረበለት ሐሳብ የመጀመሪያውን ሃርፕሲኮርድ ሠርቶ ለንደን ውስጥ በኤግዚቢሽን አሳየ። ሃርፕሲኮርድ መልኩ ፒያኖ ይመስላል፤ አውታሩ ግን በመዶሻ አይመታም፣ እንደ ክራር ይነካል እንጂ፤ የሚነካውም በላባ ጫፍ ነው። ሞሪስ በዚያ ዓመት በጠና ታሞ ነበር። ዶልሜች ቤቱ ድረስ ሄዶ የጥንቱን ሙዚቃ ተጫወተለት፤ ብዙም ሳይቆይ ሞሪስ አረፈ።

የተጫዋች እጦቱን የፈታው በገዛ ቤቱ ነው። ሚስቱ ሜብልና ልጆቻቸው ሴሲል፣ ናታሊ፣ ሩዶልፍና ካርል የድሮዎቹን መሣሪያዎች ተማሩ፤ ቤተሰቡ ራሱ ጓድ ሆነ፣ መሪው ደግሞ አባት። ዶልሜች ኮንሰርት ላይ ተጫውቶ ብቻ አይወርድም፤ ስለ መሣሪያው ለታዳሚው ያስረዳል። አስተማሪነቱ መድረክ ላይም አልለቀቀውም እንላለን።

ሁሉ ነገሩ ያማረ ነበር ማለታችን ግን አይደለም። ግትር ነበር፤ አጨዋወታቸው ልምምድ ይጎድለዋል ብለው የተቹትም ነበሩ። ገንዘብም አልበረከተለትም። እንጀራ ፍለጋ ከ1905 እስከ 1911 ቦስተን ለሚገኘው የቺከሪንግ ፋብሪካ፣ ከዚያ ፓሪስ ለጋቮ ፋብሪካ የድሮ መሣሪያዎችን ሠራ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1915 የ17ኛውንና የ18ኛውን መቶ ዓመት ሙዚቃ አጨዋወት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1917 ቤተሰቡን ይዞ ሄዝልሚር በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፈረ።

አሁን ወደ ሬኮርደሯ እንመለስ። ዶልሜች ብሬሳን የሚባል ሠሪ የሠራትን አንዲት ጥንታዊ ሬኮርደር በ1905 በሁለት ፓውንድ ገዝቶ ነበር። በ1919 ቤተሰቡ ለንደን ተጫውቶ ሲመለስ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ላይ ግርግር ነበር። ሬኮርደሯ ያለችበት ቦርሳ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ ባቡሩ ሄደ። ቦርሳውን የተወው የሰባት ዓመቱ ካርል ነበር! አባትየው አዘነ፤ ግን የመሣሪያዋን ልክ ቀደም ብሎ ጽፎ ይዞት ነበርና ከዚያ ተነስቶ እየሞከረ፣ እየጣለ፣ ደግሞ እየሞከረ የራሱን ሬኮርደር ሠራ። መሣሪያዋ ባትጠፋ ኖሮ አንዷን ሲነፋ በኖረ ነበር ብለን እንገምታለን። አሁን ግን አሠራሯን አወቀ፤ ለሌላም መሥራት ቻለ።

በ1925 ሄዝልሚር ላይ የጥንት ሙዚቃ ፌስቲቫል ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ፔተር ሃርላን የሚባል ጀርመናዊ ሬኮርደሮቹን እዚያ ሰምቶ አገሩ ሲመለስ ማምረት ጀመረ። ሃርላን ለጀማሪ ይቅለል ብሎ የቀዳዳዎቹን ነገር ለወጠው፤ አንዱ ድምፅ ቀለለ፣ ሌሎቹ ግን ለመያዝ አስቸጋሪ ሆኑ። (የማስተማሪያ መሣሪያ የምናዘጋጅ እጩ መምህራን ይቺን ልብ እንበል።)

ዶልሜች በ1940 በ82 ዓመቱ አረፈ። ሩዶልፍ በ1942 በጦርነቱ ባሕር ላይ ሞተ። ያ ቦርሳውን የረሳው ካርል ደግሞ ስመ ጥር የሬኮርደር ተጫዋች ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቤተሰቡ ወርክሾፕ ሬኮርደርን ከእንጨት ብቻ ሳይሆን ከፕላስቲክም ማውጣት ጀመረ። ዋጋዋ ስለ ረከሰም ለተራው ተማሪ ቤት ደረሰች።